አቆስጣው ተንሳፎ ነበር

ሽማግሌው ኩኑክ ከአደን የተመለሰው ሞቶ ነው። ጀልባው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የበረዶው ግግር ባሕር ውስጥ ከሚፈርስበት ከጠባቡ የባሕር ክንድ ከፊዮርዱ ውስጠኛ ጫፍ፣ ውሃው እየገፋው መንደራችን ዳር ደረሰ። ሽማግሌው ጀልባው ወለል ላይ በጀርባው ተጋድሟል፤ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል። ውሾቹ ማላዘን ጀመሩ፤ የሚያስቆማቸውም አልተገኘ።

መርማሪዋ ቱኩሜቅ አጭር፣ ነገረኛ ሴትዮ ናት። ሬሳውን ሸራ አልብሳ ማንንም አላስጠጋችም። ሄሊኮፕተር በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥቶ ተጠርጣሪውን ወደ ከተማ ይወስዳል። መንደሩ እንደሆነ መርጦ ጨርሷል፦ የኩኑክ አማች ሚኒክ። ትናንት ሰው ፊት ተጣልተው ነበራ!

«የት ነበርክ?» አለችው ሚኒክን።

«ድንኳኔ ውስጥ፣ ተኝቼ።»

«ምስክር?»

«ትንኞቹ» አለና ያበጠ ፊቱን አሳያት።

ሚስቱ ናቫራና አልሳቀችም። «አባቴን ቀብሬ ባሌን ልሸኝ ነው እንግዲህ?»

ቱኩሜቅ ቀጥሎ ፓቪያን ለብቻው ጠየቀችው። ፀሐይ በማትወጣበት በጨለማው ወራት ከሰፊው ባሕር ዳር የመጣ፣ አቆስጣ የሚባለውን ስባም የባሕር እንስሳ የሚያሳድድ አዳኝ ነው።

«በዓይኔ አየሁ እትዬ! ኩኑክ አቆስጣ ተኩሶ ገደለ። አቆስጣው ተንሳፎ ነበር። ጎትቶ ሊያወጣው ሲያጎነብስ፣ ሚኒክ በጀልባ መጣና በመቅዘፊያ አናቱን አለው።»

«ተንሳፎ?»

«እንደ ቡሽ!»

ቱኩሜቅ ሄዳ የኩኑክን ጀልባ ፈተሸች። ባለፊኛው የአደን ጦር ከነገመዱ እንደታሰረ ነው፤ ጠብታ አልነካውም።

ከዚያ የመንደሩን ሰው ሁሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰበሰበች፤ ልጆቹንም ጭምር። ጠረጴዛው ላይ ጨዋማ ውሃ ያለበት የመስታወት ማሰሮና የወፍ እንቁላል አለ።

«ልጆች፣ ፊዮርዳችን በተራሮች መሀል የገባ የባሕር ክንድ ነው። ከታች ጨዋማ፣ ከባድ ውሃ አለ። እንደ አሁኑ ሐምሌ ላይ ግግሩ ሲቀልጥ፣ ጨው የሌለው ቀላል ውሃ ከላይ ይተኛል።» ቀስ አድርጋ ንጹሕ ውሃ ጨመረችበት። እንቁላሉን ለቀቀችው፤ ሰመጠና ጨዋማው ላይ ሲደርስ መሀል ቆመ።

«ግግሩ ጋ ሐምሌ ላይ የተመታ አቆስጣስ?»

«ይሰምጣል!» ጮኹ ልጆቹ። «የሚያንሳፍፈው ስቡም እኮ በሐምሌ አልቋል!»

«ለዚህ ነው ሽማግሌዎቻችን መጀመሪያ ፊኛው እንዳይሰምጥ የሚይዘውን ጦር ሰክተው ከዚያ የሚተኩሱት። የኩኑክ ጦር ደረቅ ነው። አደን አልነበረም። ፓቪያ፣ ተንሳፎ አየሁት ያልከኝ የቱን አቆስጣ ነው?»

«እኛ ሰፈር ይንሳፈፋል...»

«እናንተ ሰፈር፣ ጨዋማው ባሕር ላይ! በመቅዘፊያ መመታቱንስ ማን ነገረህ? ቁስሉ ውስጥ ያገኘሁትን የእንጨት ስንጣሪ ለማንም አላሳየሁም። እዚያ የነበርከው አንተ ነህ።»

ፓቪያ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። «በቀደም የገደልነው ባለቀንዱ ዓሣ ነባሪ የኔ ነው! ሽማግሌው ግን ዛሬ ቀንዱ የሱ መሆኑን ተናግሮ ሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነበር።»

«ቀድሞ የወጋው እኮ ኩኑክ ነው!» አለ ከኋላ አንድ አዳኝ። «ቀድሞ የወጋ ቀንዱን ይወስዳል፤ ይሄም እናንተ ሰፈር ሌላ ነው?»

የሄሊኮፕተሩ ድምፅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። አዳኞቹ ፓቪያን ይዘውት ወጡ።

«አንተ ደግሞ» አለች ናቫራና ባሏን፣ «ሁለተኛ ብቻህን ተኝተህ ላግኝህ!» አለቀሰች፤ ሄሊኮፕተሩ ከተራራው ጀርባ እስኪሰወር እጅጌውን አልለቀቀችም።