ከቆርቆሮው በታች

ባቡር ወደ ከተማይቱ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከጣቢያው ማዶ ባለው ዳገት ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ገና ሣር ለባሽ ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ሰፈርተኛው «ወስፌ» እያለ የሚጠራው የኮርቻ ሰፊው ቤት ነበር። የሐዲዱ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ባለበቅሎዎች ሁሉ ኮርቻ ከማሰፋት እጃቸውን ሰብስበው ነበርና፣ ወስፌ ቤቱን ሸጦ ወደ ልጁ አገር ሊሄድ ቆረጠ።

«ጣሪያውን እንዳለ ሽጠው፤ የገዛው ያውቅበታል» አለችው ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ! ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን አይደል? ቆርቆሮ እናልብሰውና ሲሻሙበት ታያለሽ።»

«ያረጀ ኮርቻ ቀለም ቢቀቡት አዲስ አይሆንም እያልክ ሰው ስትመክር የኖርከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

አልሰማትም። ሣሩ ሲወርድ ግን ወራጆቹ በምስጥ ተበልተው ኖሮ፣ በጣት ሲነኳቸው እንደ ዱቄት ረገፉ፤ እንጨቱን ልለውጥ ቢል ጊዜ ሊፈጅ ነው፤ አንዲት ገዢ ደግሞ ቶሎ ልግባ እያለች ታጣድፈዋለች። ስለዚህ ቆርቆሮውን በበሰበሰው ላይ በገዛ እጁ መታ፤ ከሥሩም ነጭ አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ አደረገለት፤ ስፌትማ ማን ብሎት!

ገዢዋ በዘመቻ የወደቀ የአንድ ሻምበል ሚስት ነበረች፤ ዓይነ ስውር እናቷን ይዛ ገባች። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዝናብ ሲመጣ እናቴን ከጥግ ወደ ጥግ አላዞራትም፤ እግዜር ይስጥልኝ» ስትለው፣ ወስፌ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

በሚስቱ ወንድም ቤት ተጠግተው የጉዞውን ቀን ሲጠብቁ፣ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ደጅ እየወጣ ወደ ዳገቱ ያይ ጀመር።

«የተሸጠው ቤቱ ነው ወይስ አንተ?» አለችው ሚስቱ። ያን ጊዜ ሁሉን ነገራት፤ እሷም አልሳቀችም።

ባቡሩ በሚገባበት ቀን ሹማምንቱና ሕዝቡ ወደ ጣቢያው ሲጎርፉ፣ ወስፌ ቆርቆሮው ባተረፈለት ገንዘብ የገዛውን ወራጅ በበቅሎ ጭኖ ዳገቱን ወጣ።

«ጋሼ፣ አገር ሁሉ ወደ ባቡሩ ሲሮጥ እርስዎ ግንድ ጭነው ወዴት ነው?» አለችው የሻምበሉ ሚስት ከደጃፏ ቆማ።

«እመቤቴ፣ እናትዎን ከቤት ያስወጡልኝ።»

ገብቶ አቡጀዲውን ቢቀደው የምስጡ ዱቄት ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ቀና ብላ የተበላውን ወራጅ አየች።

«የቆርቆሮውን ብልጭታ ሸጡልኝ፤ ምስጡን ደግሞ መረቁልኝ ይበሉኛ!»

«ይስደቡኝ፤ ይገባኛል። ግን ከዚህ ሥር ሆነው አይደለም፤ ይውጡና ይስደቡኝ።»

«ሲቀረጥፍ እሰማለሁ ስልሽ አይጥ ነው ትይኝ ነበር» አሉ አሮጊቷ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ሲወጡ።

ወስፌ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን እየነቀለ አዲሱን ወራጅ በመዶሻ እየመታ ሲተካ ባቡሩ አፏጨ። ከሠረገላው ውስጥ የነበረው የዜና መዋዕል ጸሐፊም በመስኮት ተመለከተና፣ «በዳገቱ ላይ አንድ ሽማግሌ በሚያንጸባርቅ ጣሪያ ላይ ቆሞ፣ እጁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ለባቡሩ ያለውን ደስታ ገለጸ» ብሎ ጻፈ። አገረ ገዢውም ይህን ሰምተው ሸማ ሸለሙት፤ ወስፌ ሸማውን ተቀበለ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ለብሶት አልታየም።

ጽሑፉ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ እጁ እንጂ መዶሻው የለበትም። ታሪክም ለካ እንደ ቤት ገዢ ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው።