ማጥፊያ የሌለው ራዲዮ

አባቷ «ራዲዮ» ይሏታል። አይፈረድባቸውም፤ ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው መርፌ በጥርሷ ይዛ እንኳ ታወራለች።

በረሃ ዳር ቆማ በየዓመቱ በምትሰፋው ከተማቸው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አንድ ማለዳ መሬት ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ የሚፈልገው የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ ሰፈሩ «ጆሮው» የሚለው ወጣት፣ ደጃቸው ላይ ተንበርክኮ የብረት ዘንጉን አንዱን ጫፍ መሬት፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቧንቧ ያዳምጥ ነበር።

«ምን ጠፋብህ? ውሃ ነው? እኛም የምንፈልገው እሱን ነው! ካገኘኸው ሰላም በልልን፣ ደግሞ...»

«እህቴ፣ እባክሽ ዝም በይልኝ።»

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እውነትም ዝም አለች። አባቷ ጉድ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮው ያንን መንገድ ለማዳመጥ ሰበብ አላጣም። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይስቃል።

አንድ ቀን ግን ዘንጉን ከግቢያቸው ሎሚ ሥር እንዳሳረፈ ፊቱ ተለወጠ። ዋናው መስመር እዚያ ተሰንጥቋል። ሎሚዋ በዚያ ድርቅ የለመለመችው ለካ በዚህ ነው! ሟች እናቷ የተከለቻት፣ አባቷ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» የሚሏት ሎሚ።

«ለእኔ ስትል አልሰማሁም በል» አለችው።

«የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ነፋስ ብቻ ነው የሚተፋው። ሰምቼ አልሰማሁም ብል፣ ነገ አንቺስ በምን ታምኚኛለሽ?»

መስመሩ ተጠገነ። ሎሚዋ ቅጠሏን ማርገፍ ጀመረች። ራዲዮዋም ተዘጋች፤ ሰላምታዋ እንኳ በአንገት ሆነ። ውስጧ ግን እርር ድብን ይላል፤ ትወደዋለች፣ ምን ታድርግ!

አንድ እሑድ ጆሮው ቧንቧና መጋዝ ተሸክሞ መጣ። አባቷን አስፈቅዶ፣ በከንቱ መንገድ ላይ ይፈስ የነበረውን የቤታቸውን የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ወደ ሎሚዋ ሥር አዞረው። እሷ በመስኮት አየችው እንጂ አልወጣችም።

ሎሚዋ ስታቆጠቁጥ ተመልሶ መጣ። ዘንጉን አልያዘም።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰማ ነው?» አሉት አባቷ።

«እሷን። ዝም ካለችኝ ወዲህ ጆሮዬን ምንም አይጥመው። እባክሽ ተናገሪ።»

እንባዋ ቀደማት፤ አፏ ተከተለ።

«አንተ ድርቅ! የሸሚዝህ ቁልፍ ተበጥሶ ስትዞር ያላየሁ መሰለህ? አንጀቴን በላኸው እኮ! አውልቅና ስጠኝ፤ ደግሞ ከስተሃል፣ ደግሞ...»

አባቷ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወደ ጆሮው ዞሩ። «ልጄ፣ አስብበት። ይህ ራዲዮ ማጥፊያ የለውም።»

«ኧረ አባባ፣ ማጥፊያውን ማን ፈለገ!»