የሉማሜው ባዶ ሣጥን

አመሻሹ ላይ መምህር ምስጋናው በገዛ ቤቱ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ በመጥረቢያ ተፈልጧል፤ ደሙ እስከ ደጃፉ ወርዷል። አጠገቡ፣ ባልና ሚስቱ ቁጠባቸውን የሚያኖሩበት የእንጨት ሣጥን ለሁለት ተሰንጥቋል።

ኢንስፔክተር ታየች በማግስቱ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ሉማሜ ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ «ሌባ ነው» ይል ነበር። እሷ ግን ሣጥኑ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ከዚያ የሟቹን ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋን አሰገደችን፣ ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

«ሣጥኑ ገንዘብ ነበረበት?»

«ባዶ ነው። ትናንት ጠዋት አራግፈን የባጃጁን ብድር ዘጋንበት። ከእኔና ከእሱ በቀር ያወቀ የለም።»

ባጃጁ የተገዛው በብድር ነበር። ተገልብጦ ከጥቅም ውጭ ሲሆን ክፍያው ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ዕዳው በየወሩ የሚቆረጠው ዋስ ከሆነው የምስጋናው የሥራ ባልደረባ ከመምህር አንሙት ደመወዝ ነበር።

«ጠበኛ ነበረው?»

«ወንድሙ መሳፍንት በአባታቸው ቤት ድርሻ ሲዝትበት ከርሟል።»

«ሊያጽናኑሽ የመጡት ምን አሉሽ?»

«ያው እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው። አንሙት ብቻ ‹ዕዳው እንኳ አያሳስብሽ› አለኝ። ገረመኝ፤ ባለፈው ሳምንት ‹ልጆቼን አስራባችሁብኝ› ብሎ በራችንን ሲደበድብ ነበር።»

መሳፍንት ሲጠየቅ አልሸሸም።

«ዝቼበታለሁ። ግን ትናንት ከቀትር እስከ ማታ ጠላ ቤት ነበርኩ። ባለቤቷን ይጠይቋት።»

ተጠየቀች፤ እውነት ነበር።

ከቀብር መልስ ታየች አሰገደችን፣ መሳፍንትንና አንሙትን እዚያው ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ሌባ መጀመሪያ ሣጥን ይሰብራል፤ ባለቤቱ ሲደርስበት ይገድላል። እዚህ ግን የሣጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ከመጥረቢያው ስለት የተጠረገ ደም አለ። ስለዚህ መጥረቢያው ሰውየውን ከፈለጠ በኋላ ነው ሣጥኑን የፈለጠው፤ ሌባ ለማስመሰል። አሰገደች ባዶ መሆኑን እያወቀች አትሰብረውም። መሳፍንት ምስክር አለው።» ወደ አንሙት ዞረች። «መምህር፣ ተበዳሪው ከሞተ ዋሱ ምን ይሆናል?»

«ውሉ ላይ... ዕዳውን መድን ይከፍላል ይላል» አለ አንሙት።

«ለዚህ ነው አያሳስብሽ ያሉት። ከሁሉ በላይ መጨነቅ የነበረበት ዋሱ ነው፤ የተረጋጋው ግን እሱ ብቻ ነበር። አሁን እጅጌህን ሰብስብ! ምስጋናው ሲታገልህ ነክሶሃል፤ ሥጋህን ከጥርሱ መሃል አውጥተናል።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ የአንሙትን እጅጌ ሲሰበስብ የጥርስ ቁስሉ አብጦና ጠቁሮ ታየ። መሳፍንት ዘሎ አነቀው፤ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያላጋው ጀመር። ለሦስት ሆነው በስንት ትግል አላቀቁት።

«ደመወዜን ጨረሱት» አለ አንሙት፣ ከአፍንጫው ደም እየወረደ። «ልጆቼ...»

«ከፍለነው ነበር እኮ!» ጮኸች አሰገደች። «ትናንት ጠዋት! አንተን እስኪያገኝህ ቸኩሎ ነበር፤ ፊት ለፊት ልንገረው ብሎ።»

አንሙት ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«በሩን ሲከፍትልኝ ይስቅ ነበር» አለ። «ያሾፈብኝ መሰለኝ።»