ሁለተኛው እሳት

አሮጌው ገዢ ሞቶ ልጁ በወንበሩ በተቀመጠ በሦስተኛው ዓመት፣ የዓመቱ እህል ገና ከአውድማ ሳይነሳ፣ ወጣቱ ገዢ ጦሩን መርቶ ከወንዙ ማዶ ያለውን ባላጋራ ሊወጋ ዘመተ። ከተማይቱ በድንጋይ ቅጥር የታጠረች ነበረች፤ በስተምሥራቅ አንድ በር ብቻ ነበራት፤ ከበሩ ፊት ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ዛፍ የማይበቅልበት ራሰ በራ ተራራ ይታያል። በተራራው አናት ላይ ሁለት የእንጨት ክምሮች ክረምት ከበጋ ተሸፍነው ይጠበቁ ነበር።

ሕጉ አጭር ነው። በተራራው ላይ አንድ እሳት ከታየ የሚመጣው የራስ ወገን ነው፤ በሩ ይከፈታል። ሁለት እሳት ከታየ ጠላት ነው፤ በሩ ይዘጋል፤ ፀሐይ እስክትወጣም ለማንም አይከፈትም፤ የእናት ድምፅ ቢሰማ እንኳ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል የከተማው ሰው በደሙ ተምሯታል። በአሮጌው ገዢ ዘመን ጠላት ምርኮኞችን ጩቤ አንገታቸው ላይ አድርጎ ወደ በሩ ነዳቸው፤ እነርሱም እያለቀሱ «ክፈቱልን» አሉ፤ ተከፈተላቸው፤ በዚያች ሌሊት የታችኛው ሰፈር ሰው እንደ በግ ታረደ።

የበሩን ቁልፍ በአንገቱ የሚያስረውን ሰው ሁሉም «ብረቱ» ይሉታል፤ ሲስቅ ያየው የለምና። አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፤ እርሱም ከዘመቱት ጋር ዘምቷል። በተራራው ላይ ክምሮቹን የሚጠብቀው ሰው ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እንግዲህ የብረቱ ሕይወት በአንድ መስመር ላይ ተዘርግታ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ልጁ፣ በተራራው ላይ የልጁ አጎት፣ በበሩ ላይ እርሱ።

አንድ ዕለት ፀሐይ ጠልቃ ብረቱ ከነጋሪት መቺው ጋር በቅጥሩ ላይ ተቀምጧል። ነጋሪት መቺው ወፍራም፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ልጅህ ሲመጣ ትስቅለታለህ ወይስ እሱንም ትቆልፍበታለህ?» አለው።

«መጀመሪያ ይምጣ።»

«ይመጣል። አንተ ጥርስህን አዘጋጅ። ዝጎ እንደሆነ እንጃ።»

ብረቱ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ተራራው ላይ እሳት በራ። አንድ። ነጋሪት መቺው ብድግ ብሎ «አንድ! አንድ ናት! መጡ!» እያለ ጮኸ፤ ብረቱም ለዕድሜው በማይገባ ፍጥነት ደረጃውን ወርዶ ቁልፉን አዞረ፤ ከበር ጠባቂዎቹ ጋር ትልቁን መወርወሪያ ሊያነሱ ትከሻቸውን አስገቡ።

«ቆይ!» አለ ነጋሪት መቺው ከላይ። «ቆይ እስቲ... ሁለት ሆነች።»

ከመጀመሪያው አጠገብ ሌላ ቀይ ብርሃን ቆሟል፤ በመልክም በመጠንም ያው ነው። ከተማውን እንዲጠብቅ የቀረው ሻለቃ ከቅጥሩ ላይ አየና «ዝጋ!» አለ። ነጋሪቱ ተመታ፤ መወርወሪያው ተመለሰ፤ ቁልፉ ዞረ።

ያን ጊዜ ሁለተኛው ብርሃን ተነሣ።

ከተራራው አናት ላይ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጭስ ሳይወዛወዝ ወጣ፤ ቀይነቱ ነጭ ሆነ፤ ተከፍሎም ሦስት ሆነ። ሦስቱ ጎን ለጎን ተሰልፈው ያለ አንዳች ድምፅ በሜዳው ላይ አልፈው ወደ ከተማው መጡ። የቅጥሩ ጥላ በግቢዎቹ ላይ ዞረ፤ ውሾች ዝም አሉ፤ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው እየሸፈኑ ወደ ቤት ሸሹ። ብርሃኖቹ በጣሪያዎች ላይ አልፈው በስተምዕራብ ጠፉ። ተራራው ላይ የቀረው አንድ እሳት ብቻ ነው።

«ሻለቃ፣ እንክፈት» አለ ብረቱ። «ያ እሳት አልነበረም። ሄደ እኮ።»

«እሳት እግር የለውም።»

«የለውም! እሱን ነው የምልዎት!»

ሻለቃው ፊቱ ነጥቷል፤ ድምፁ ግን አልተናወጠም። «ሁለት ታይቷል። ነጋሪት ተመትቷል። ፀሐይ ስትወጣ ትከፍታለህ።»

ብዙም ሳይቆይ በሜዳው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ የሚያነክስ፣ የሚወድቅ፣ እንደገና የሚነሳ። ከዚያ በሩ ተደበደበ።

«ክፈቱ! እኛ ነን! ከኋላችን ናቸው!»

ከድምፆቹ መካከል አንዱ ለየት ብሎ ወጣ። «አባዬ! እኔ ነኝ! ቁልፉ በአንገትህ አይደለም እንዴ? አባዬ!»

የልጁ ድምፅ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ነገር ግን ያ ሕግ የተሠራው እንዲህ ላለው እውነተኛ ድምፅ ነበር። ብረቱ ቁልፉን ከአንገቱ በጥሶ ወደ በሩ ሮጠ። ቀዳዳው ውስጥ ከቶታል፤ ሊያዞረው ሲል የጦር ዘንግ ክንዱ ላይ አረፈና አጥንቱ ሲሰበር ራሱ ሰማው። በግራ እጁ ያዘ። ሁለተኛው ምት ራሱ ላይ ሆነ፤ ሦስት ሰዎችም በላዩ ላይ ተቀመጡበት፤ ጉንጩ ከበሩ ሥር ካለው ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

እዚያ ሆኖ ሁሉን ሰማ። ፈረሶች ደረሱ። ብረት ከብረት ተጋጨ፤ ቀጥሎ ብረት ከሥጋ፤ ይህኛው ድምፅ እንደ እርጥብ እንጨት ፍለጣ ነው። በሩ ላይ ያለው ድብደባ በረከተ፤ ከዚያ ሳሳ፤ ከዚያ የአንድ ሰው እጅ ብቻ ቀረ። «አባዬ» የሚለው ቃል ከመካከሉ ተቆረጠ። ቀጥሎ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ሙቅ ነገር ፈሶ የብረቱን ጉንጭ ነካው።

ፀሐይ ወጣች። ጠላት ቅጥሩን ሊደፍር አልቻለምና ሄዷል። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ተደግፈውት የሞቱት ሰዎች ወደ ውስጥ ወደቁ፤ የከተማው ወንዶች ልጆች ነበሩ። የብረቱ ልጅ ከሥር ተገኘ፤ የእጁ አንጓዎች እስከ አጥንቱ ተልጠዋል። እናቱ አልጮኸችም። ያን እጅ በቀሚሷ ጠቅልላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በዚህ መካከል እሳት ጠባቂው ከተራራው ወረደ። ከተራራው እስከ በሩ ሩቅ ነው፤ ሌሊቱን ነፋስ ስለነበር ምንም አልሰማም። ሰው ተሰብስቦ ከሩቅ ቢያይ ለደስታ መስሎት እጁን እያወዛወዘ መጣ።

«ገቡ? ጋሼ፣ ልጁ ገባ?»

መልሱ ድንጋይ ነበር፤ አፉ ላይ መታው። ያዙትና ወደ ሻለቃው እየጎተቱ ወሰዱት።

«ስንት እሳት አነደድክ?»

«አንድ።» ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። «ከጦሩ ተቆርጠው የቀሩት ቆስለው በእኔ በኩል አለፉ። ጠላት ከኋላቸው እንዳለ አይቻለሁ፤ ሁለት ባነድድ በሩ ይዘጋባቸዋል፣ ቀድመው ይገባሉ ብዬ አንድ ብቻ አነደድኩ። ሁለተኛው ክምር እንዳለ ነው። ሂዱና እዩት!»

«ከተማው በሙሉ ሁለት አየ።»

«ሌላው ከኋላዬ መጥቶ በላዬ ያለፈ ብርሃን ነው! እኔ አላነደድኩትም!»

«ሰው ይላኩ፣ ሻለቃ» አለ ብረቱ፤ የተሰበረ ክንዱ በጎኑ ተንጠልጥሏል። «ክምሩ ካለ ሰውየው ንጹሕ ነው። ከተማው ሁለት ማየቱንስ አየ፤ ሁለተኛው በጣሪያችን ላይ ሲበር ግን አላየም?»

ሻለቃው ወደ ተራራው አልተመለከተም። ወደ ነጋሪት መቺው ዞረ። «አንተ ከላይ ነበርክ። የሚበር እሳት አይተሃል?»

ነጋሪት መቺው እግሩን አየ። «እኔ... ሁለት እሳት ነው ያየሁት።»

«ሌላ ያየ አለ?»

ሁሉም አይተዋል። ማንም አልተናገረም። የበራው ከሰማይ ከሆነ ልጆቻቸውን የገደለው የገዛ ሕጋቸው፣ በሩንም የያዘው የገዛ ሻለቃቸው ሊሆን ነው። ብድር የሚመለስበት ሰው ደግሞ እነሆ በፊታቸው ቆሟል፤ እጁም ታስሯል።

የብረቱ ሚስት ከልጇ ሬሳ አጠገብ ተነሣች። «እናንተ ሴቶች! ማታ አብራችሁኝ ልጆቻችሁን ስትሸፍኑ ከምን ነበር የሸፈናችኋቸው?»

ሴቶቹ ዞር አሉ።

ሻለቃው ጦር አቀረበ። «ብረቱ፣ የሞተው ልጅህ ነው። ባለደም ነህና መጀመሪያ አንተ ምታ።»

ብረቱ ጦሩን በግራ እጁ ተቀበለ። ድንጋይ ላይ አጋድሞ በእግሩ ሰበረውና ስባሪውን በሻለቃው እግር ሥር ጣለው። «ባለደም ከሆንኩ ደሜን ምሬያለሁ። ቁልፉ በአንገቴ ነበር። ትእዛዙም ከአፍዎ ነበር። እሱ ያነደደው አንድ ነው።»

«የእኔስ ባል?» አለች ከኋላ አንዲት መበለት፤ ድንጋይም አነሳች። «አንተ ብትምር እኔ አልማርኩም!»

ከዚያ በኋላ ንግግር አልነበረም። ድንጋዩ ከየአቅጣጫው መጣ። ብረቱ በሚስቱ ወንድም ላይ ተደፋበት፤ ሰዎች ግን እግሩን ይዘው አነሱት፤ እንደገና ተደፋ፤ በዚያ መካከል አንድ ድንጋይ የቀኝ ዓይኑን አፈሰሰው። እሳት ጠባቂው መጀመሪያ «ክምሩን እዩ፣ ክምሩን እዩ» ይል ነበር። ቆይቶ ያለቅስ ጀመር። ከዚያ ድንጋዩ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ሞቶም እንኳ ወዲያው አልተዉትም።

ባልና ሚስት ሁለት መቃብር ቆፈሩ፤ እርሱ በአንድ ክንድና በአንድ ዓይን፣ እርሷ በእጇ። የረዳቸው የለም። አፈሩን መልሰው ሲጨርሱ ጀምበር ጠልቃ ነበር። ያን ጊዜ ሚስቲቱ ቀና ብላ ተራራውን አየች።

በአናቱ ላይ እሳት ይነድዳል።

«ማነው እዚያ?» አለች።

ብረቱ በቀረችው ዓይኑ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «የሻለቃው ሰዎች ናቸው» አለ። «ክምሩን እያቃጠሉት ነው።»

ከተማውም ያን እሳት አየ። ነጋሪት አልተመታም፤ ማን አነደደው ብሎ የጠየቀም የለም። እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ገብቶ መዝጊያውን ዘጋ።

በተከታዩ ዓመት ወጣቱ ገዢ ድል አድርጎ ተመለሰ፤ የዘመኑንም ታሪክ የሚጽፍ ሰው አመጣ። ጸሐፊው ትጉህ ነበር፤ በወሬ የማያምን። በራሱ እግር ተራራውን ወጣ፤ አፈሩን በበትሩ ጫረ፤ ሁለት የአመድ ስፍራ አገኘ። ወርዶም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ አንድ ከዳተኛ ሁለተኛ እሳት አንድዶ ወገኑን አስፈጀ፤ ሕዝቡም በፍርድ ቀጣው። ስለ ሦስቱ ብርሃናት አንዲት ቃል አልተጻፈም፤ የነገረው አልነበረም፤ ወደ ብረቱና ወደ ሚስቱም ያደረሰው ሰው የለምና። ያን ሌሊት በሰማይ ያለፈው ምን እንደነበር ዛሬም የሚያውቅ የለም።

ጸሐፊው አልዋሸም። አመዱ ሁለት ነበር።