ከሰል ያልጠየቀው እቶን

«እንቁላሉ ሲሰረቅ ተኝተሽ ነበር ወይስ ተከፍሎሽ ነበር? አንዱን ምረጪ!» ብሎ ጌታ ደሞራ በንጉሡ ፊት ጮኸባት።

«አልተኛሁም፤ አልተከፈለኝምም» አለች ዘሚካ። «በንጉሡ ስም ከተራራው ውረጂ ተብዬ ወረድኩ። እዚህ ስደርስ ግን የጠራኝ ሰው ጠፋ። እስቲ እርስዎም ይመልሱልኝ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ኤልፋኖች ሰረቁት ያለው ማን ነው?»

«መልእክተኛው ነዋ!» አለ ጌታ ደሞራ።

«መልእክተኛው የመጣው በማን ፈረስ ነው?»

በአዳራሹ ውስጥ መልሱን የማያውቅ አልነበረም። የዘንጋር ቤተ መንግሥት የራሱን ፈረሰኞች ካጣ ዘመናት አልፈዋል፤ ከወንዙ ማዶ ማን እንደሚዝት፣ ማን እንደታጠቀ ለንጉሡ የሚነግሩት የደሞራ ነጋዴዎች ነበሩ። ደሞራ ደግሞ የታላቁ እቶን ጌታ ነው። የሠራዊቱ ጦር፣ የዘቡ ጎራዴ፣ የቤተ መንግሥቱ በር ማጠፊያ ሳይቀር ከእሱ መዶሻ ሥር የወጣ ነው። የጦር አለቆች ሲያረጁ በእቶኑ ሸንጎ ወንበር ይሰጣቸዋል። በዚያ ቀን ጉባኤም ወንበሩን ያገኙት አለቆች ጦርነት ይሁን ብለው ጮኹ፤ ገና ያላገኙት ደግሞ ከእነሱም አስበልጠው ጮኹ።

ከውጭ የዙምራይቱ ጩኸት ተሰማ። ክንፏ እንደ ንጋት የሚያበራው ያቺ ታላቅ ወፍ እንቁላሏን ካጣች ወዲህ በሁለቱ አገሮች ሰማይ ላይ ትዞራለች፤ ባለፈችበት ሁሉ የሣር ክዳን ይነዳል። እንቁላሉ እንደ ምድጃ የጋለ ነበር። የዘንጋርና የኤልፋን አባቶች እጃቸውን ወደ እሱ ዘርግተው፣ «ይህ እንቁላል በሙሬ ተራራ ጎጆው ውስጥ እስከሞቀ ድረስ ጦር ይዘን ወንዙን አንሻገርም» ብለው ተማምለዋል። ዘሚካ የዚያ ጎጆ ጠባቂ ናት፤ ከእርሷ በፊት እናቷ ነበሩ።

ንጉሥ ኤልዛር እጃቸውን አነሱ። «ሠራዊቱ ወንዙ ዳር ሰፍሯል። ጨረቃ ስትሞላ ይሻገራል። ከዚያ በፊት እንቁላሉን ከመለስሽ ግን አንድም ሰው አይሻገርም።»

ዘሚካ ያሰበችው ስለ ራምሶ ነው። ታናሽ ወንድሟ የቆመው በመጀመሪያው ረድፍ ነበር፤ ወንዝ በሚያሻግር ጦርነት የመጀመሪያው ረድፍ ምን እንደሚሆን ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም። መዳፏን በዙፋኑ እግር ላይ አሳረፈች።

«በዙምራይቱ ክንፍ፣ በሙሬ ውኃ እምላለሁ! እንቁላሉን ወደ ጎጆው ሳልመልስ በዚህ በር ብገባ ስሜ ከሕያዋን ይፋቅ!»

«መንገዱ ክፉ ነው» አለ ደሞራ በለሰለሰ ድምፅ። «ከቀጥቃጮቼ አንዱን፣ ቴዎልን፣ ትውሰድ።»

አሁን ሌባ ሲላት የነበረ ሰው እንዴት እንዲህ ቶሎ አዘነላት? ጦር መወርወር ያስተማሯት ሽማግሌው የጦር አለቃ ኦርጋይ ተነስተው «እኔም እሄዳለሁ፤ ልጄን ከማላውቀው ሰው ጋር አልልክም» ባይሉ ኖሮ እግሯም ባልተነሳ።

ወደ ኤልፋን የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ዘሚካ ዓይኗን ከቴዎል ላይ አላነሳችም። ከቅሉ ውኃ ሲያቀርብላት አልጠጣችም፤ ስትተኛም ጦሯን ታቅፋ ነው። ትከሻው እንደ በሬ የሰፋ፣ ጢሙ በአንድ ወገን የተለበለበ ሰው ነበር።

«እንዲህ አታፍጭብኝ፤ ይህ ጢም አንዴ ተቃጥሏል፣ ሁለተኛ አይችልም» አላት።

አልሳቀችም። ኦርጋይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ሰው የሚያስቅ ሰላይ ከሁሉ ይከፋል» አሏት። እውነታቸውን ነው አለች በልቧ።

ከሰል አክሳዮች ከሚኖሩበት ጫካ ሲደርሱ ግን እርምጃዋ ተገታ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ከረጢቶች እንደ ካብ ተደርድረው ዝናብ ያበሰብሳቸዋል። አክሳዮቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ዘሚካ በየዓመቱ ከተራራው ስለምትወርድ ይህን መንገድ ታውቀዋለች፤ በከሰል ጫኝ በቅሎ ከመጨናነቁ የተነሳ መተላለፊያ አይገኝበትም ነበር።

«እናቴ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አለች አንዲት ፊቷ በጥላሸት የጠቆረ ሴት ፊት ቆማ።

«ምን እንሆናለን፣ እቶኑ ከሰል አልፈልግም አለና!»

«ጦር መሥራት አቁሞ ነው?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! መዶሻው ፋታም የለው። በምን እንደሚያነድ እሱ ይወቅ። በአክታ ያነድ እንደሆነ እንጃ!» ሌሎቹ አክሳዮች ሳቁ።

ዘሚካን ብርድ ወረራት። እንደ ምድጃ የጋለ፣ ማገዶ የማይፈልግ፣ የማይጠፋ ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃዋለች።

«የሥራ ፈት ወሬ ነው» አሉ ኦርጋይ ክንዷን ይዘው። «መንገዳችን ወደ ኤልፋን ነው። ቀኑ ሳይመሽ እንለፍ።»

ክንዷን አስለቀቀችና ወደ ቴዎል ዞረች። «አንተ የውስጥ ሰው ነህ። በምንድን ነው የሚነደው?»

«የመካከለኛውን እቶን በር ዘግተውብናል። ለእኛ የሚደርሰን የጋለው ብረት ብቻ ነው። ምን ገብቶ ነው ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩ። በማግሥቱ ካንቺ ጋር እንድሄድ ታዘዝኩ።» ቴዎል ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። «እንድመለስ የፈለጉ አይመስለኝም።»

የኦርጋይ እጅ በጎራዴያቸው እጀታ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አሉ። «ወደ ኤልፋን ብቻ ሂጂ። ድንበሩ ላይ ይይዙሻል፤ ንጉሡም ለጦርነቱ ምክንያት ያገኛሉ። አንቺን ግን አይነኩሽም። የደሞራ ሰዎች ቃል ገብተውልኛል።»

«ወንበሩንስ? እሱንም ቃል ገቡልህ?» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ማለቷ ነበር።

ሽማግሌው ጎራዴውን ከሰገባው ስትመዝበት አልተከላከለም፤ ከከረጢቶቹ መካከል ቁጭ አለና ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። እዚያው ተዉት።

እቶኑ የደረሱት ሙሉዋ ጨረቃ ከምሥራቅ ብቅ ስትል፣ ቀጥቃጮች በሚቀያየሩበት ሰዓት ነበር። ቴዎል የቆዳ ሽርጥ አልብሷት ከተረኞቹ ጋር ቀላቅሎ አስገባት። በመተላለፊያው ላይ ዘሚካ ሁለት የጦር ክምር አየች። በአንደኛው ላይ የዘንጋር አንበሳ ተቀርጿል። ሁለተኛው ላይ የተቀረጸው የኤልፋን አዞ ነበር። ሁለቱም ክምር ገና ትኩስ ነበር።

«ይህን ታውቅ ነበር?» አለች።

«እኔ የምሠራው እጀታ ነው» አለ ቴዎል፤ ወዲያው ግን አፈረ። «ማወቅ አልፈለግኩም።»

የመካከለኛው እቶን በር ሁለት ሰው የሚያህል የብረት መዝጊያ ነበር፤ ቴዎል በሰንሰለት ወደ ላይ ሳበው። ከውስጥ እንቁላሉ በብረት ፍርግርግ ታስሮ እንደ ልብ ይመታል። ቴዎል በጉጠት ሲይዘው ጉጠቱ ግሎ ከእጁ አመለጠ። ዘሚካ ሽርጧን በውኃ ነክራ ፍርግርጉን ገነጠለችና እንቁላሉን አቀፈችው።

«ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ዘበኛ ሰንሰለቱን በመጥረቢያ ቆረጠው። መዝጊያው ሲወርድ ቴዎል ትከሻውን ሥሩ ሰዶ ደግፎ ያዘው።

«ውጪ!»

«አንተስ?»

«ወንድምሽ ወንዙ ዳር ቆሞ አይደል? ውጪ ስልሽ!»

በክንዱ ሥር ሾልካ ወጣች። መዝጊያው ከኋላዋ ሲወድቅ ምድሩ ተናወጠ። ሽርጡ ነዶ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ በእሳቱና በእርሷ መካከል የቀረው መዳፏ ብቻ ነበር። እየጮኸች ሮጠች፤ እንቁላሉን ግን አልጣለችውም። ግቢው መሐል ስትደርስ ሰማዩ በራ። ዙምራይቱ ወረደች፤ ዘበኞች ጋሻቸውን እየጣሉ ተበተኑ። ወፊቱ እንቁላሉን ከተቃጠሉት እጆች በጥፍሯ በቀስታ አነሳችና ወደ ሙሬ በረረች። በወንዙ ግራና ቀኝ የተፋጠጡት ሁለቱ ሠራዊቶች የተራራው ጫፍ እንደገና ሲበራ አዩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በመጨረሻም ሁሉም ጦራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ደሞራ ቀድሞ ተናገረ። «ንጉሥ ሆይ፣ ከአገልጋዮቼ መካከል ቴዎል የሚባል ከሃዲ እንቁላሉን በእቶኔ ሸሽጎ ተገኘ። እዚያው ቅጣቱን አግኝቷል። ስለ ሰላሙ ደስታ እቶኔ ለከተማው ደወል ይሠራል።»

«ውሸት ነው!» አለች ዘሚካ። «ቴዎል ነው ያወጣው! የኤልፋንን ጦር በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከዚያው እቶን!»

ንጉሡ በጨርቅ የተጠቀለሉትን እጆቿን አዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆሙት የደሞራ ፈረሰኞች ተመለከቱ። «ሰላም ሆኗል፣ ልጄ» አሉ በዝግታ። «ዛሬ ሌላ ጠብ አንክፈት።» ከአለቆቹ ተርታ ኦርጋይ በአዲስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይመለከት ነበር።

ውጭ ራምሶ ይጠብቃታል፤ በሕይወት ያለ፣ አቧራ የለበሰ፣ የራበው። እጆቿን ሲያይ አለቀሰ። እሷ ግን ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ጆሮውን በዓይኗ እየለቃቀመች ሙሉ መሆኑን አረጋገጠች።

ሕዝቡ ወደ ተራራው አንጋጦ ይዘፍናል። በደቡብ በር በኩል ቆዳ የለበሱ የእቶኑ ጋሪዎች ተከታትለው ወጡ። ዘበኛው ሳይጠይቅ መቀርቀሪያውን አነሳላቸው። ከአንደኛው ጋሪ ቆዳ ሥር፣ ምልክት ገና ያልተቀረጸባቸው የጦር ጫፎች ብቅ ብለው ያብለጨልጩ ነበር። ዘሚካና ራምሶ ጋሪዎቹን ለማሳለፍ ወደ ዳር ተጠጉ፤ እሷም አቧራው እንዳይነካባት እጆቿን ከፍ አድርጋ ያዘች። ጋሪዎቹ ወደ ሌሎች አገሮች የሚያደርሰውን የባሕሩን መንገድ ያዙ።