ፊቱ ያለቀው ሳንቲም

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የሰው ወሬ አይደለም። ሕልምም አይደለም... ሕልም ቢሆንማ በወደድኩ።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

አሮጌ ሳንቲም እሰበስባለሁ። ጓደኛ የለኝም፤ ሳንቲሞቼን እያገላበጥኩ፣ በማን በማን ኪስ እንደዞሩ ሳልም ነው የምውለው። ቤት ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነን።

እናቴ ማየት ካቆመች አራት ዓመት ሆናት። ስገባ ግንባሬን ትዳብሳለች። በልጅነቴ ከደረጃ ወድቄ ከቅንድቤ በላይ የቀረችብኝን ጠባሳ ስታገኝ ብቻ፣ «ሆዴ፣ መጣህ?» ትለኛለች።

ጠባሳዋን ሳትነካ አታምነኝም። «ድምፅ ይመሳሰላል» ትላለች።

የዚያን እሁድ የሄድኩበት ሳንቲም ሻጭ ሽማግሌ ነው። አንድ አሮጌ ሳንቲም ወረቀት ላይ አድርጎ ገፋልኝ። በማጉያ መነጽር አየሁት። የሰው ፊት አለበት፤ ግን እንደ ሳሙና ሟሟል። ጉንጭ የለ፣ ቅንድብ የለ።

ጠርዙ ግን አዲስ ነው። ጥርሶቹ ጣት ይቆርጣሉ።

ስንት እጅ የዞረ ሳንቲም... ጠርዙ እንዴት ሳይበላ ቀረ?

«አባባ፣ ይሄ እኮ አፍንጫ እንኳ የለውም!»

«ዕድሜ ነዋ! አንተንም በዕድሜው እናይሃለን።»

ሳቅን። ከፍዬ ሳነሳው አውራ ጣቴ ፊቱ ላይ አረፈ።

የሽማግሌው ሳቅ ቀጥ አለ።

«በጠርዙ!» አለ በሹክሹክታ። «ሳንቲም በጠርዙ ነው የሚያዘው!»

«ከዚህ በላይ ምን ይበላሻል ብለው ነው?»

 ፊቴን ትኩር ብሎ አየ... ከዚያ ሱቁን መዝጋት ጀመረ። በጠራራ ፀሐይ።

ሳንቲሙን ኪሴ ውስጥ እያሸሁ ሄድኩ። ይሞቃል።

ታክሲ ውስጥ አወጣሁት።

አፍንጫ አለው።

ብርሃኑ ነው አልኩ። ብርሃን ከጎን ሲመታው ያለቀም ይታያል።

በራችን ላይ ስደርስ ደግሜ አየሁት። ጉንጭ። ከንፈር። ቅንድብ...

ከቅንድቡ በላይ፣ ቀጭን መስመር።

ጭረት ነው አልኩ። ጭረት ይሁን...

ገባሁ። እናቴ እጇን ዘረጋች። ጣቷ ግንባሬ ላይ ሄደ... ተመለሰ... ደግሞ ሄደ።

ፈገግታዋ ጠፋ።

«ማነህ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

«ድምፅ ይመሳሰላል...» ወደ ግድግዳው ሸሸች። «ልጄን ምን አደረግኸው?»

ግንባሬን ነካሁ። ልሙጥ።

ጣቴ ወደ ታች ወረደ... አፍንጫዬ መኖር ከነበረበት ቦታ ላይ ምንም ሳያደናቅፈው አለፈ።

ሳንቲሙ ከእጄ አመለጠ። እየተንከባለለ ሄዶ እናቴ እግር ስር ደረሰ። አልተጋደመም...

በጠርዙ ቆመ።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ጎንበስ አለች። ዳብሳ አነሳችው። አውራ ጣቷን ፊቱ ላይ በቀስታ አስኬደች... ከቅንድቡ በላይ ስትደርስ ቆመች።

ፊቷ በራ።

«ሆዴ፣ መጣህ?»