ያመለጡት አራት ቀስቶች

ሟቹ በወንበሩና በአልጋው መካከል በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው የማይክሮፎን መቆሚያ አሻራው ተጠርጎ ከጎኑ ተጋድሟል። ኮምፒውተሩ ግን እንደበራ ነው። ሟቹን ጓደኞቹ «ቀስቴ» ይሉታል። በዜማ ምት የሚወርዱ ቀስቶችን በጣት የሚመቱበት አንድ ጌም አለ፤ ቀስቴ አድናቂዎች ጌሙን እንደፈለጉ የሚቀይሩበትን ፕሮግራም ሲሠራ ሁለት ዓመት ከቤት አልወጣም። ዛሬ ከሰዓት ለሕዝብ ሊለቀው ነበር።

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ይዞ የሟቹን እህት ያያል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ለመርማሪዋ። «ሐኪሙ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ውስጥ ሞተ ይላል። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ዙር ተጫውቷል፤ ኮምፒውተሩ መዝግቦታል። ስለዚህ እስከዚያ በሕይወት ነበር። የጌሙን ሥዕል የምትሠራለት ሰዓሊ ጠዋቱን ሙሉ ክፍል ስታስተምር ነበር። ዘፈኑን የሠራለት ሙዚቀኛ ከአራት ተኩል ጀምሮ ከጀርባ ባለው አዳራሽ ከስድስት ሰው ጋር ልምምድ ላይ ነው። አምስት ሰዓት ላይ እዚህ የገባችው እሷ ናት። ትናንት ደግሞ ‹ይሄን ማሽን በራስህ ላይ ነው የምሰብረው!› ስትለው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

«ብያለሁ!» አለች እህቱ። «ሥራውን ጥሎ፣ እናታችንን ረስቶ እዚህ ሲሻግት ምን ልበለው? ወንድሜ ነው። እሰድበዋለሁ እንጂ አልገድለውም!»

መርማሪዋ ፊቷ በቀላሉ የማይፈታ አጭር ሴት ናት። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ስህተት፦ አራት» ይላል።

ሰዓሊዋን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«ማን ይጠላው ነበር?»

«ማን ይወደው ነበር ብለው ቢጠይቁ ይቀልዎታል» አለች ሰዓሊዋ። «የኔን ሥዕል ሦስቴ አስደግሞኛል። የሙዚቀኛውን ዘፈን ደግሞ አራት ቀስት ከምቱ ወደኋላ አድርጎ አበላሸበት። ድምፅ ዘግቶ በዓይኑ ብቻ ነው የሚሠራው። ሲነግሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።»

ሙዚቀኛው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጣቱን ጉልበቱ ላይ ይመታል።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እስከ ልምምዱ ድረስ ቤቴ ተኝቼ። እዚህ ቤት ከረገጥኩ ሳምንት አልፎኛል።»

«ተጣልታችሁ?»

«እሱ የኛ ጉዳይ ነው። ገዳይ ከፈለጉ እህቱ እዚያ ቆማለች።»

ከቀትር በኋላ፣ ሬሳው ከተነሣ ወዲያ፣ መርማሪዋ ሁሉንም በዚያችው ጠባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው። እርስ በርስ ላለመተያየት ሦስቱም ወለሉን ያያሉ።

«ተጫወቺ» አለቻት እህትየዋን።

«አሁን? ወንድሜ በሞተበት ክፍል?»

«ከካቴናው የሚያድንሽ እሱ ነው።»

ጌሙን በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር ስትጫወት ያደገችው እህት ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። ዘፈኑ ጀመረ፤ ቀስቶቹ ይወርዱ ጀመር።

«ቀስቴ ይህን ዘፈን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ተጫውቷል» አለች መርማሪዋ። «መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀስት አልሳተም። የዛሬው ዙር ግን አራት ስቷል፤ እነዚያኑ ከምቱ የዘገዩትን አራቱን። በዓይኑ የሚጫወት አይስታቸውም። የሚስታቸው ዜማውን ከቀስቱ በላይ የሚያምን ነው።»

እህቱ አራቱን አንድ በአንድ መታቻቸው።

«ቀጥሎ፣ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሦስት ተኩል ላይ ተነክቷል። ከዚያ ኮምፓይል ተጀመረ። የተጻፈውን ሁሉ ወደሚሠራ ጌም የሚለውጠው እሱ ነው፤ በዚህ ማሽን አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ዝርዝሩ ላይ ምን ተጨመረ?»

ሰዓሊዋ መርማሪዋ የዘረጋችላትን ወረቀት አይታ ቀና አለች። «ትናንት ሲልክልኝ የሙዚቀኛው ስም አልነበረበትም። አሁን አለ።»

«ራሱ መልሶት ይሆናላ!» ሲል ሙዚቀኛው ጮኸ።

«እሱ ቢሆን ሲሞክረው አራቱን አይስትም ነበር። ስምህ ከዝርዝሩ ወጥቶ ስታይ ደምህ ፈላ፤ መታኸው። ስምህን መለስክ። ኮምፓይሉ እስኪያልቅ ከሬሳው ጎን አርባ አምስት ደቂቃ ጠበቅህ። ከዚያ በሕይወት ያለ እንዲመስል በእሱ ቦታ ተጫወትክና ወደ ልምምድህ ሮጥክ።»

«ሁለት ዓመት!» አለ ሙዚቀኛው፤ ድምፁ ተሰበረ። «ሁለት ዓመት ዜማዬን ሰጠሁት። እንደ ቆሻሻ ጠርጎ አወጣኝ! ሌላ ምን ላድርገው?»

ያን ጊዜ ዘፈኑ አለቀ። «ስህተት፦ ዜሮ» አለ ስክሪኑ። ወዲያው ጨለመና ከሟቹ በቀር ማንም አይቶት የማያውቅ ገጽ ተከፈተ። የሙዚቀኛው ስም ብቻውን በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ «ከዝርዝሩ ያወጣሁት ብቻውን እንዲቆም ብዬ ነው። ያለ እሱ ይህ ሁሉ ድዳ ቀስት ነበር» ይላል።

ሙዚቀኛው ወደ ስክሪኑ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ምንም ላልሳተ ብቻ ነው የሚከፈተው» አለች እህቱ፤ እንባዋ ወረደ። «እንደ ሰው አፍ አውጥቶ ቢነግርህ ምን ነበረበት? አንተስ እጅህን ከማንሳትህ በፊት ብትጠይቀው?»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ሙዚቀኛው እጅ ላይ አሰረ። ሰውየው በሩን እስኪያልፍ ዓይኑን ከስሙ ላይ አልነቀለም። ዘፈኑ ከመጀመሪያው ሊደገም ሲል እህቱ እጇን ሰድዳ ድምፁን ዘጋችው።